ባለመፍቻዋና የዘገዩት ድምፆች

መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው መፍቻዋ ነው። ከመሀል ጣት የማትረዝም፣ ቢጫ እጀታ ያላት የብሎን መፍቻ፤ ሴትዮዋ ወደ ላይ ጠቅልላ ባሰረችው ጸጉር ውስጥ፣ ሌላው ሰው ማበጠሪያ በሚሰካበት ቦታ ተሰክታለች። ደረጃ ስትወጣ አትነቃነቅም። ጠረጴዛ ሥር ስትገባ አትወድቅም። ሥራ ሲመጣ ግን እጇ ወደ ኋላ ይሄድና ሳታይ ይመዛታል፤ ጸጉሯም ትከሻዋ ላይ ይበተናል። ያኔ የሚያውቋት ሁሉ ይጠቃቀሱና «በሉ ፀጥ፤ ሐኪሟ ሥራ ጀመረች» ይባባላሉ።

ሐኪሟ ይበሏት እንጂ ሰው አክማ አታውቅም። የምታክመው ኮምፒውተሮችንና እነሱን የሚያገናኙትን ገመዶች ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ትከሻዋ ላይ ቦርሳዋን አንግታ ከቢሮ ቢሮ ትዞራለች፤ የደረሰችበት ቢሮ ሁሉ በሩን አልፋ እስክትገባ እንኳ አይታገሣትም፣ «ደከመብን»፣ «ቆመብን»፣ «ትናንት ደህና ነበር እኮ» እያለ ይቀበላታል።

ድሮ የስልክ ማዞሪያ ላይ ነበረች። ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ቁጭ ብላ፣ ገመድ ከቀዳዳ ቀዳዳ እየሰካች የማታውቀውን ሰው ከማታውቀው ሰው ጋር አገናኝታለች። «ይጠብቁ፣ አገናኛለሁ» ማለት ምላሷ ላይ ከመቅረቱ የተነሳ ልጇን ስትወልድ አዋላጇን ሳይቀር «ይጠብቁ» ብላታለች ይባላል። አንድ ሰኞ ጠዋት ሥራ ስትገባ ማዞሪያው ተነቅሏል። በቦታው ከጫማ ካርቶን የማትበልጥ አንዲት ሳጥን ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ታበራለች። ሐኪሟ ሳጥኗን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ቤቷ ገባች፤ ሰባት ቀን ተኛች፤ በስምንተኛው ቀን ተነሥታ የዚያችን ሳጥን ሥራ ለመማር ተመዘገበች። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ልጆች ሲያዩዋት «እማማ፣ ልጅዎን ፈልገው ነው?» አሏት። ዓመቱ ሲያልቅ የቤት ሥራ የሚገለበጠው ከእሷ ደብተር ነበር።

የዚያን ሐሙስ ጠዋት የተጠራችው አንድ አሮጌ ሬዲዮ ጣቢያ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ የድምፅ ክፍል። በሩ ላይ የተቀበለቻት አርታኢዋ ናት፤ ሳቋ ሁለት ፎቅ ወርዶ የሚሰማ፣ ዛሬ ግን ፊቷ የጠቆረ ልጅ።

«እትዬ፣ እንኳን መጣሽ። ልናብድ ነው።»

«ምን ሆኖባችሁ ነው?»

«ነይ ላሳይሽ።»

ክፍሉ ውስጥ ስድስት ሠራተኛ፣ ስድስት ጠረጴዛ፣ ስድስት ኮምፒውተር አለ። ድምፆቹ ግን እነዚህ ውስጥ አይደሉም። ጓዳ በምታህል ክፍል ውስጥ ሰርቨር የሚሉት አንድ ዋና ማሽን ተቀምጧል፤ ስድስቱም በገመድ ከእሱ እየጠየቁ ያወጣሉ። ዐሥራ ስምንት ሺህ ካሴት፣ የሦስት ትውልድ ሳቅ፣ ክርክር፣ የእግር ኳስ ጩኸትና የሕፃናት ዝማሬ፣ አንድ ሰው ተሸክሞት ደረጃ ሊወርድ በሚችል ሣጥን ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ይህን ስታስብ ሐኪሟ ዛሬም ድረስ ትገረማለች።

አርታኢዋ አንዱን ፋይል ነካችው። ስክሪኑ ላይ ያቺ ትንሽ ክብ መሽከርከር ጀመረች።

«ይጠብቁ» አለች ሐኪሟ ለማሽኑ፣ ልማድ ሆኖባት፤ በልቧም ቆጠረች። ሃምሳ ሦስት ላይ ስትደርስ አንድ ጎርናና የወንድ ድምፅ «ነገ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይጠበቃል» አለ።

«ይሄ ዝናብ ዘንቦ፣ አባርቶ፣ በዝናቡ የቦረቁት ልጆችም አድገው አገቡ» አለች አርታኢዋ። «እኛ ግን ገና እየከፈትነው ነው።»

ከወደ መስኮቱ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። ቀጭን፣ ሹራባቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ፣ የሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ማዕዘኖቹ የተላጡ ቀይ እርሳስ የሰኩ ሰው ናቸው። ጋሼ ካሴት ይሏቸዋል። ሠላሳ አራት ዓመት የካሴቶቹ ጠባቂ ነበሩ።

«ልጄ» አሏት እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ማሽኑን አድኚልን።»

ነገሩ ማሽኑን ማዳን ብቻ እንዳልሆነ አርታኢዋ ቀስ ብላ ነገረቻት። ሥራ አስኪያጁ ቀን ቆርጧል። ዛሬ ዐሥር ሰዓት ላይ ወደ ላይ ይወጣል፤ በገዛ እጁ አንድ ድምፅ ይከፍታል፤ እስከ ዐሥር ቆጥሮ ሳይጨርስ ካልተከፈተ ድምፆቹ በሙሉ ለውጭ ድርጅት ይሰጣሉ፤ ክፍሉ ይዘጋል። እነ አርታኢዋ ሌላ ፎቅ ላይ ወንበር አይጠፋላቸውም። ጋሼ ካሴት ግን ወደ ቤታቸው ነው። ቤታቸው ደግሞ ከግድግዳ ሰዓት በቀር ድምፅ የሚያሰማ ነገር የለም።

ሐኪሟ ቦርሳዋን አስቀመጠች። እጇ ወደ ጸጉሯ ሄደ።

«የሚዘገየው ለማን ነው? ለአንድ ሰው ነው ለሁላችሁ?»

«ለሁላችንም።»

«ጠዋት ነው ማታ?»

«ከገባን እስክንወጣ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

አርታኢዋ ጣቷን አገጯ ላይ አድርጋ አሰበች። «ካሴቶቹ ወደ ሩቁ መጋዘን ከተወሰዱበት ሳምንት። ሁሉንም ገልብጠን ጨርሰን፣ መኪና መጥቶ ጫናቸው። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ እንደ ሰው ተከዘ። ናፍቀውት ይሆናል!»

ሳቁ። ጋሼ ካሴት ብቻ አልሳቁም፤ ካሴቶቹ ሲነሱ ጊዜ መስኮቱ ላይ ቆመው መኪናው እስኪሰወር ያዩት እሳቸው ነበሩ።

ሐኪሟ ገመዶቹን አንድ በአንድ ነቅላ በአዲስ ሞከረች። ሃምሳ አንድ። ገመዶቹ የሚገናኙበትን ሳጥን መረመረች፤ ባለፈው ወር የተገዛ ነው፣ ገና የፋብሪካው ሽታ አለቀቀውም። ሃምሳ ሦስት። በፊት የመጣው ባለሙያ «ማሽኑ አርጅቷል፣ ጣሉት» ብሎ እንደሄደ ነገሯት።

«ያረጀ ሁሉ የሚጣል ከሆነ እኔም ራሴን ጭኜ ልሂድ» አለችና ወደ ጓዳው ገባች።

እዚያ ጨለም ያለ ነው፤ ማራገቢያው ያጉረመርማል። መዳፏን ማሽኑ ጀርባ ላይ አሳረፈች። ትኩስ ነው፤ ሲሮጥ የዋለ ሰው ዓይነት ትኩሳት። ከዚያ ዲስኩ ሲሠራ የምትበራውን አረንጓዴ መብራት አየቻት። ሰው ሲጠይቅ ብልጭ፣ ሰው ሲተወው ጥፍት ማለት ነበረባት። አላለችም። ዓይኗን ሳትጨፍን ፍጥጥ ብላለች።

ሐኪሟ አንገቷን በበሩ አወጣች። «ሁላችሁም! እጅ ወደ ላይ!»

«ምን አጠፋን?» አለች አርታኢዋ።

«ማንም ምንም እንዳይነካ ነው የምላችሁ። እጃችሁን ማየት እፈልጋለሁ።»

ስድስቱም እየተሳሳቁ እጃቸውን አነሡ። ጋሼ ካሴትም፣ ከፊታቸው ኮምፒውተር እንኳን ሳይኖር፣ ከሁሉም በላይ ከፍ አድርገው አነሡ።

መብራቷ እንደፈጠጠች ናት።

ሐኪሟ ከስልክ ማዞሪያው ዘመን ጀምሮ እንዲህ ዓይነቱን ነገር ታውቀዋለች። ማንም ሳያወራ መስመሩ ተይዟል፤ ስለዚህ አንድ ቦታ አንድ ሰው ስልኩን አንሥቶ፣ ሳይዘጋ ሄዷል። ማሽኑ ላይ ስክሪን ሰክታ፣ ከማን ጋር እንደሚነጋገር ጠየቀችው። መለሰላት። ስድስት ኮምፒውተሮች፣ እነዚያ እጅ ወደ ላይ ያሉት። ደግሞ አንድ ሰባተኛ።

«እናንተ ስንት ናችሁ?»

«ስድስት!»

«እንግዳ አለባችኋ።»

«ሌባ ነው?» አለች አርታኢዋ በሹክሹክታ፣ እጇን ማውረድ ረስታ።

ሐኪሟ እንግዳው ምን እንደሚሠራ አየች። ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ ዐሥራ አራትን ከፈተ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበ፤ ዘጋ። ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ ዐሥራ አምስትን ከፈተ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበ፤ ዘጋ። ዐሥራ ስድስትን ከፈተ።

«ሌባስ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «ሌባ ይቸኩላል። ይሄ እንደ ትምህርት ቤት ስም ጠሪ ተራ በተራ ‹አቤት› እያሰኘ ነው የሚሄደው። አንዱን እንኳን አይዘልም።» እንዲህ ያለ ትዕግሥት ማሽን ላይ አይታ አታውቅም፤ መናደድ ሲገባት ገረማት።

የቀረው ገመዱን መከተል ነው። ሰባተኛው ገመድ ከሳጥኑ ወጥቶ በግድግዳው ጥግ ይሄዳል። ሐኪሟ በጉልበቷ ተንበርክካ በጣቷ ተከተለችው።

«ጋሼ፣ ባትሪ ይያዙልኝማ።»

ጋሼ ካሴት ባትሪውን ተቀብለው ጎንበስ ብለው አበሩላት። «ወደ ግራ ታጠፈ፣ ልጄ። አይዞሽ፣ አለሁ። ከቁም ሣጥኑ ኋላ ገባ። ቆይ ቁም ሣጥኑን ልሳበው።»

«ቀስ ይበሉ፣ ወገብዎን።»

«ወገቤን ተዪው፤ ዛሬ የወገብ ቀን አይደለም።»

ገመዱ በግድግዳው ቀዳዳ አልፎ ወደ ቀድሞው የካሴት ማስቀመጫ ገባ። በሩን ከፈቱ። መደርደሪያዎቹ ከወለል እስከ ጣሪያ ባዶአቸውን ቆመዋል። አየሩ ውስጥ አሁንም የፕላስቲክና የአሮጌ ወረቀት ሽታ አለ። ገመዱ በመጨረሻው መደርደሪያ ሥር አለፈና አንድ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ፣ በእጅ የተሠራ ሰማያዊ የዳንቴል ልብስ የለበሰ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ቁጭ ብሎ በቀስታ ይንጎራጎራል።

ጋሼ ካሴት ባትሪውን ዝቅ አደረጉ። ፊታቸው በራ።

«አይ፣ ይሄማ የኔ ነው!» አሉ ደስ ብሏቸው። «ይሄን ተዪው፤ ሥራ ላይ ነው። እንፈልግ፣ ሌላ ቦታ ይሆናል።»

ሐኪሟ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «ጋሼ፣ ሥራው ምንድነው?»

«ማዞር ነዋ!» አሉ፣ ይህን የማያውቅ ሰው ይኖራል ብለው ጨርሶ አልጠበቁም። «ካሴት ሳይዞር ከከረመ ክሩ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ድምፁ ይታፈናል። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት እያንዳንዱን በተራው አውጥቼ፣ ዳር እስከ ዳር አዙሬ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። ማጫወቻው ከተበላሸ በዚች» አሉና ቀዩን እርሳስ ከኪሳቸው አወጡ፤ ማዕዘኖቹን የላጣቸው የካሴት ጥርስ ነው። «አሁን ካሴቶቹ ተወሰዱ። ድምፆቹ ግን እዚህ ናቸው። ዝም ብለው ቢተኙ ይጣበቃሉ ብዬ የእህቴን ልጅ አስቸገርኳት፤ ኮምፒውተር ተምራለች። ‹አንድ በአንድ ከፍቶ፣ ዳር እስከ ዳር አንብቦ የሚዘጋ ነገር ሥሪልኝ› አልኳት። ሠራችልኝ። ዐሥራ ስምንት ሺውን ሲጨርስ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። አይደክመውም እኮ፣ ልጄ! እኔ በዓመት አንዴ ነበር የማዳርሳቸው።»

ከኋላቸው የመጣችው አርታኢዋ አፏን በእጇ ያዘች።

ሐኪሟ መሳቅም አማራት፣ ማልቀስም አማራት። ዋናው ማሽን አንድ አፍ ነው ያለው። ጋሼ ካሴት ያንን አፍ ከጠዋት እስከ ጠዋት ያለ እረፍት ያናግሩታል፤ ስድስቱ ጠረጴዛዎች ደጅ ቆመው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ይህን ከመናገሯ በፊት ግን የሽማግሌው ዓይን የሷን ዓይን አየ፤ ከዚያ ገመዱን አየ፤ ከዚያ የአርታኢዋን ፊት።

«እኔ ነኛ» አሉ። «ያዘገየሁት እኔ ነኛ።»

ባትሪውን አጠፉት።

«ክፍሉን የማስዘጋው... ራሴው ነኝ።» ባዶው መደርደሪያ ላይ ተደገፉ።

«ጋሼ፣ ይቀመጡማ» አለች ሐኪሟ። አጠገቧ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። «አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ለሰው እንዳይነግሩብኝ። ማዞሪያ ላይ ሳለሁ ሰው አውርቶ ሲጨርስ ገመዱን ሁልጊዜ እነቅላለሁ። ካልተነቀለ የሚቀጥለው ሰው አይገባም። ማዞሪያው ተዘጋና ቤቴ ገባሁ። ቤት ውስጥም አውርቼ ስጨርስ የስልኩን ገመድ ከግድግዳው እነቅለዋለሁ! ሳላውቀው፤ እጄ ነው የሚሠራው። ባሌ የረጅም ርቀት ሾፌር ነው። ስምንት ቀን ሙሉ ደወለ ደወለ፣ መስመሩ ጭጭ። በመጨረሻ ጭነቱን ለጓደኛው ትቶ እየበረረ መጣ። በሩን በርግዶ ሲገባ እኔ ቁጭ ብዬ ሽንኩርት እልጣለሁ። ‹አልሞትሽም?› አለኝ። ‹አንተ ነህ የጠፋኸው› ብዬ ተቆጣሁት።»

አርታኢዋ ሳቋን ለቀቀችው፤ ባዶው ክፍል እየተቀባበለ አስተጋባው። ጋሼ ካሴትም ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ መጀመሪያ ለቅሶ ይሁን ሳቅ አይለይም ነበር፤ ኋላ ሳቅ ሆነ።

«እጅ የለመደውን ቶሎ አይረሳም» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«ምን ይርሳ! በሉ አሁን እናቁመው።» ሐኪሟ እጇን ወደ ማሽኑ ዘረጋች።

«ቆይ ቆይ!» አሉ ሽማግሌው። «በመሀል አይቋረጥም። የጀመረውን ይጨርስ፤ ካሴት መሀል ላይ ተቆርጦ አይወጣም።»

አርታኢዋ ሰዓቷን አየች። ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። ፋይል መሀሉ ላይ ቢቋረጥ ምንም እንደማይሆን ሐኪሟ ታውቃለች። ሆኖም እጇን ሰበሰበች። ሦስቱም ወለሉ ላይ ተቀምጠው ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ ሰባ እስኪያልቅ ጠበቁ፤ ያለቀ ጊዜ ጋሼ ካሴት ራሳቸው ተነሥተው አቆሙት፤ የዳንቴል ልብሱንም አስተካከሉለት።

ለመውጣት ሲነሡ ሐኪሟ ከማሽኑ ጎን አንድ የተማሪ ደብተር አየች። ገጹ በሙሉ ቁጥር ነው። ከአንዳንዱ አጠገብ የእርሳስ መስቀል አለ።

«ይሄስ ምንድነው?»

«እነዚህ አልከፈት ያሉት ናቸው። ሲገለበጡ የተበላሹ። ዐሥራ አንድ ናቸው፤ የሚያዞር ሰው ካልነካቸው ማን ያውቅባቸዋል? ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ መጋዘን እሄድና ካሴቱን ፈልጌ እንደገና አስገለብጣለሁ። ስምንቱን አድኛለሁ። ሦስት ቀርተውኛል።»

ሐኪሟ ደብተሩን ገለጠች። ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ማከማቻቸውን እንዲህ በየጊዜው እንዲፈትሹ ስንት ጊዜ ለምናለች፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው የሚሏት። እዚህ ግን አንድ ሰው ማንም ሳያዝዘው፣ ከናፍቆት የተነሳ፣ ሠርቶታል።

ቀጥላ ሃያ ደቂቃ ያህል በዋናው ማሽን ላይ ጎንበስ አለች። የእህት ልጅየዋን ሥራ አልጣለችውም። ከአሮጌው ኮምፒውተር አንሥታ እዚያው ሰርቨሩ ውስጥ አስቀመጠችው፤ ድምፆቹ በገመድ መመላለስ ቀረላቸው። በምሳ ሰዓት ብቻ፣ በቀን አንድ መደርደሪያ የሚያህል እንዲያዞር አደረገችው። ደግሞም ሰው ሲመጣ ተነሥቶ ቦታ እንዲለቅ። ጓዳው ውስጥ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ አለች፤ ጠፋች፤ ደግማ ብልጭ አለች።

ሥራ አስኪያጁ ዐሥር ሰዓት ሲሆን በሩን ገፋ። ሰዓቱን ሳያይ ሁለት ዓረፍተ ነገር የማይጨርስ ሰው ነው። «እህ?» አለና ቁጭ ብሎ ከዐሥራ ስምንት ሺው ስክሪኑ ላይ ፊቱ ያገኘውን ነካ። «አን...» ብሎ መቁጠር ሳይጨርስ «ነገ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይጠበቃል» አለ ጎርናናው ድምፅ። ሌላ ነካ። የሕፃናት ዝማሬ ፈነዳ። ሌላ፤ ጎል! ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ፣ ቁጥሩ አፉ ላይ እየቀረ።

«ምን ነበር?» አለ ዞሮ።

ሐኪሟ አፏን ከፈተች። «አንድ ማሽን ከተራው በላይ...»

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ ካሴት ከመስኮቱ። ቆመው ሁሉንም ነገሩት፤ ማዞሩን፣ የእህታቸውን ልጅ፣ የዳንቴል ልብሱን ሳይቀር። ሥራ አስኪያጁ ሰምቶ ሲጨርስ ግንባሩን አሸ።

«ጋሼ! ሁለት ወር ሙሉ በእርስዎ ምክንያት ነው ቦርዱ ፊት የምቀላው?»

«አዎ፣ ልጄ።»

ሐኪሟ ደብተሩን ፊቱ ላይ ዘርግታ አስቀመጠች። «ይህንንም ይዩልኝ» አለችው። «እነዚህ ዐሥራ አንዱ ለውጭ ድርጅት ቢሰጡ ኖሮ እንደተበላሹ ነበር የሚሄዱት። የሚያውቅ የለም።»

ሥራ አስኪያጁ ጣቱን በቁጥሮቹ ላይ አስኬደ። መስቀል፣ ቀን፣ «ዳነ»። መስቀል፣ ቀን፣ «ዳነ»። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓቱን ማየት ረሳ።

«ሦስቱ ገና ናቸው?» አለ።

«ቅዳሜ እሄዳለሁ።»

«በአውቶቡስ አይሂዱ፤ መኪና አዝዝልዎታለሁ።» ደብተሩን ዘግቶ መለሰላቸው። «ክፍሉ ይቆያል። ግን በቀን አንድ መደርደሪያ! ሁለት ካዞሩ እኔ ደግሞ እርስዎን አዞርዎታለሁ።»

የአርታኢዋ ሳቅ ሁለት ፎቅ ወረደ።

ሐኪሟ ቦርሳዋን አንግታ ልትወጣ ስትል ጋሼ ካሴት ተከትለዋት ደረጃው አፍ ላይ ደረሱ። ጸጉሯን ጠቅልላ መፍቻዋን ልትሰካ እጇን ስታነሣ፣ ቀዩን እርሳስ አቀበሏት።

«ለኔ ሥራ ፈትቷል፣ ልጄ። እዚያ ጥሩ ቦታ ያገኛል።»

«ጋሼ፣ ይሄማ የእርስዎ እጅ ነው።»

«እጄ የምሳ ሰዓት ሥራ ተሰጠው አይደል? ውሰጂው።»

ወሰደችው። መስኮቱ ላይ ጋሼ ካሴትና አርታኢዋ ጎን ለጎን ቆመው ወደ ታች ያያሉ። ሴትዮዋ ከሕንፃው በር ወጣች፤ መንገዱን ግራና ቀኝ አይታ ተሻገረች። ስልኳ ጮኸ፤ የሚቀጥለው ቢሮ መሆን አለበት፣ ከንፈሯ «ይጠብቁ» ሲል ከሦስተኛ ፎቅ እንኳን ይታያል። ጸጉሯ ውስጥ ቢጫና ቀይ ጎን ለጎን ተሰክተዋል፤ በአውቶቡስ ፌርማታው ሰው መሀል እስክትጠፋ ድረስ አንዳቸውም አልተነቃነቁም።